ኪሎዬ ከበድ ይላል፤ ለሩጫ ምን ጫማ ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ወደዚህ ዓምድ ከመጡት ጥያቄዎች በርከት ያሉት የሩጫ ጫማን የሚመለከቱ ናቸው። ጠያቂዎቹ ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ ቢራራቁም ሁሉም 90 ኪሎን ያለፉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ገንዘብ አውጥተው የገዙት ጫማ አልተስማማቸውም። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 42፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቴ 104 ኪሎ ነው። ሐኪሜ ስኳሬ ከፍ እያለ መሆኑን ስለነገረኝ ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ ዱብ ዱብ ማለት ጀምሬአለሁ። ሻጩ «ለእርስዎ ኪሎ ለስላሳው ነው የሚሆነው» ብሎ በጣም ወፍራም ጫማ ሸጠልኝ። ቆሜ ስሞክረው ፍራሽ ላይ የወጣሁ ያህል ተመችቶኝ ነበር። ስሮጥበት ግን ቁርጭምጭሚቴ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጉልበቴንም ያመኛል። ጥፋቱ የጫማው ነው ወይስ የኪሎዬ? (ስሜ ይቆይ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እንደ ነገሩን ከሆነ ጫማው ለእርስዎ ክብደት ልስላሴው በዝቷል። ሻጩ ያለዎት ግማሹ እውነት ነው። ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የሚሸከመው ጫና ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ በእርስዎ ኪሎ ከ200 እስከ 310 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ የሚጨርስና በደቂቃ 160 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በዚያ አንድ ኪሎ ሜትር 1,280 ጊዜ ይረግጣል፤ ለእያንዳንዱ እግር 640 ይደርሰዋል። ስለዚህ ከእግርዎ በታች በቂ ስፖንጅ መኖሩ ተገቢ ነው።

ሻጩ የዘለለው ነገር ወፍራምና ለስላሳ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ልስልስ ያለ ስፖንጅ 65 ኪሎ ሰው ሲረግጠው ትንሽ ሰምጦ ይመለሳል። 104 ኪሎ ሲያርፍበት ግን እስከ ታች ይጨፈለቃል፤ ከዚያ በኋላ ጫናውን የሚያበርድ ነገር አይቀርም። በዚያ ላይ እኩል አይጨፈለቅም። ጫናው በበዛበት በኩል፣ በብዙ ሰው ላይ በውስጥ በኩል፣ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ቁርጭምጭሚት ወደዚያው ያጋድላል፣ ጉልበትም ተከትሎት ይሄዳል።

ጥናትም ለስላሳ ጫማ ለከባድ ሰው የተለየ መድኅን ነው አይልም። ሉክሰምበርግ ውስጥ በ848 ተራ ሯጮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ሯጮቹ የትኛው እንደ ደረሳቸው ሳያውቁ ገሚሶቹ ጠንከር ያለ፣ ገሚሶቹ ለስለስ ያለ ስፖንጅ ያለው ጫማ ተሰጣቸው። በጥቅሉ ጠንካራውን ያደረጉት ይበልጥ ተጎድተዋል። ነገር ግን ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ቀለል ባሉት ሯጮች ላይ ነበር፤ ከበድ ባሉት ላይ የልስላሴው ጥቅም በግልጽ አልወጣም።

እርስዎ የሚፈልጉት ወፍራም ሆኖ ጠጠር ያለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቆሚያው ሰፊ የሆነ ጫማ ነው። ጫማውን ገልብጠው ሶሉን ይመልከቱ። ተረከዙና ፊቱ ሰፍተው መሀሉ በጣም የተቆረጠ ከሆነ ይተዉት፤ የእግርዎ መሀል ሲሰምጥ የሚደግፈው ስፖንጅ እዚያ ቦታ የለም። ጥሩው ጫማ ስፖንጁ ከላይኛው ጨርቅ ዙሪያውን ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል።

ሳይከፍሉ ሱቅ ውስጥ የሚሞክሩት ደግሞ አለ። ተረከዝ የሚያቅፈውን የኋላውን ክፍል በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ ቆንጥጠው ይጫኑት፤ በቀላሉ ከታጠፈ ተረከዝዎን አይዝም። ጫማውን ጫፍና ጫፉን ይዘው እንደ እርጥብ ጨርቅ ለመጠምዘዝ ይሞክሩ፤ ትንሽ ሊታዘዝ ይገባዋል፣ ሙሉ በሙሉ ከዞረ ግን ለእርስዎ አይሆንም። ቀጥሎ አድርገውት በአንድ እግር ይቁሙና ጉልበትዎን በጥቂቱ አምስት ጊዜ አጠፍ ዘርጋ ያድርጉ። አብሮዎ የሄደ ሰው ከኋላ ሆኖ ተረከዙን ይመልከት። ስፖንጁ በአንድ ወገን ሲጨማደድና ተረከዝዎ ወደዚያ ሲያጋድል ካየ፣ ሩጫ ላይ ይብሳል። ያንኑ በባዶ እግርዎ ይድገሙት፤ ያኔ ከጫማው የመጣውንና ከራስዎ አቋም የመጣውን ትለያላችሁ።

ስም ጥሩ ካሉን፣ ከወፍራሞቹ መካከል ሆካ ቦንዳይና ብሩክስ ጎስት ማክስ ሰፊ መቆሚያ አላቸው። እግር ወደ ውስጥ እንዳያጋድል ታስበው ከተሠሩት ደግሞ አሲክስ ጄል ካያኖ፣ ብሩክስ አድሬናሊንና ኒው ባላንስ 860 ከበድ ያሉ ሯጮች የሚመርጧቸው ናቸው። ሞዴሎቹ ቁጥር እየጨመሩ ስለሚለወጡ ያለፈው ተስማማኝ ብለው አዲሱን ሳይሞክሩ አይግዙ። ይልቅ አዲሱ ሲወጣ የቀድሞው በቅናሽ ይሸጣልና፣ የተስማማዎት ካለ ያኔ ሁለተኛ ጥንድ ያስቀምጡ።

ጉልበት ስለሚያምዎት አንድ ቁጥር ይጠይቁ፤ ሻጮች ድሮፕ ይሉታል። ተረከዙ ከፊቱ በስንት ሚሊ ሜትር ከፍ እንደሚል የሚናገር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 12 ነው። ከፍ ያለው ባትንና የተረከዝ ጅማትን ያሳርፋል፣ ጉልበት ላይ ግን ጫና ይጨምራል፤ ዝቅ ያለው ተቃራኒውን ያደርጋል። ለእርስዎ ከ5 እስከ 8 ጥሩ መነሻ ነው። ከ12 ወደ 4 በአንድ ቀን መውረድ ግን የጉልበቱን ሕመም ወደ ተረከዝ ጅማት ማዛወር ይሆናል።

ሌላው የመንገዱ ነገር ነው። ኮብልስቶን ላይ በወፍራም ጫማ መሮጥ ቁርጭምጭሚትን ይፈታተናል፤ የአስፋልት ዳር ደግሞ ወደ ቦይ ስለሚያዘነብል አንዱን እግር ሁልጊዜ ዘንበል አድርጎ ያስረግጣል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ከሁለቱም ይሻላሉ። አካሄድዎ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 1 ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንን ስምንት ጊዜ ይሁን፤ 24 ደቂቃ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሕመሙ ካልጨመረ ዱብ ዱቡን ወደ 2 ደቂቃ ያሳድጉት። ስኳር ስላለ ከሩጫ ሲመለሱ ካልሲዎን አውልቀው ውስጥ እግርዎንና የጣቶችዎን መሀል ይመልከቱ፤ እግር መደንዘዝ ከጀመረ ቁስሉ ሳይሰማዎት ሊቆይ ይችላል፣ ይህንንም ለሐኪምዎ ይንገሩ። የገዙትን ጫማ አይጣሉት፤ ለእርምጃ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ 92 ኪሎ ነኝ። ሩጫ ከጀመርኩ ሃያ ደቂቃ ሲሆነኝ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ትንሿ ጣቴ ውሃ ትቋጥራለች። አንድ ቁጥር ጨምሬ ገዛሁ፤ አሁን ደግሞ ተረከዜ እየወጣ አስቸገረኝ። (እህታችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህታችን፣ የጎደለው ቁመት ሳይሆን ወርድ ነው። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር መጨመር ጫማውን በ6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ያስረዝመዋል፤ ጣቶች የሚያርፉበትን ቦታ ግን የሚያሰፋው በጥቂቱ ነው። ለዚያች ጥቂት ስፋት ብለው ከፊት ባዶ ቦታ፣ ከኋላ የላላ ተረከዝ ገዙ። ክብደት ሲጨምርና ሩጫው ሲረዝም እግር ወደ ጎን ይዘረጋል፤ መደንዘዙም የሚመጣው በጣቶቹ መሀል የሚያልፉት ነርቮች ተጨፍልቀው ነው።

እርስዎ ባሉበት አገር የጫማ ወርድ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ለሴቶች መደበኛው ቢ፣ ሰፊው ዲ፣ እጅግ ሰፊው 2ኢ ነው። ለወንዶች መደበኛው ዲ፣ ሰፊው 2ኢ፣ እጅግ ሰፊው 4ኢ ነው። ኒው ባላንስ፣ ብሩክስና አሲክስ ብዙዎቹን ሞዴሎቻቸውን በእነዚህ ወርዶች ያወጣሉ፤ መደርደሪያ ላይ ካላዩ መጋዘን እንዲያዩልዎ ይጠይቁ። ሰፊው የሴት ካልተገኘ ወደ ወንዶቹ ክፍል ይሻገሩ፦ የአሜሪካ የሴት ቁጥር ላይ 1.5 ሲቀንሱ የወንዱን ያገኛሉ። 9.5 የሚያደርጉ ከሆነ የወንዱ 8 ቁመቱ ያው ነው፣ መደበኛ ወርዱ ግን ከሴቱ ይሰፋል። ቀለሙ ላይማርክ ይችላል፤ ጣት ግን ቀለም አይመርጥም።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ብሎ ባለበት ሰዓት ይሂዱ፤ የሚሮጡበትን ካልሲም ይያዙ። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥተው መሬት ላይ ያድርጉትና ቆመው ይርገጡት። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል፣ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ መትረፍ አለበት። በጎን ደግሞ ሥጋዎ ከንጣፉ ጠርዝ መውጣት የለበትም። ይህች ሙከራ ከማንኛውም የሱቅ ኮምፒውተር ትበልጣለች ብንል አላጋነንንም። ሁለቱንም እግር ይሞክሩ፤ ቁጥሩን የሚወስነው ትልቁ እግር ነው።

ተረከዙ አሁንም ከላላ በማሰሪያው ማስተካከል ይቻላል። ከቁርጭምጭሚት አጠገብ ባዶ የምትተው የመጨረሻዋ ቀዳዳ ለዚህ ነው የተሠራችው። ማሰሪያውን አያነባብሩት፤ በዚያው ወገን ወደ ላይ አውጥተው በዚያች ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይክተቱትና ትንሽ ቀለበት ይተዉ። በሌላውም በኩል እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው ያሳልፉ፤ ወደ ታች ጎትተው አጥብቀው ይሠሩ። ትንሿ ጣት ላይ የሚጫን ከሆነ ደግሞ በዚያ አካባቢ ያለውን አንዱን መነባበር ዘለው ማሰሪያውን በጎን ቀጥ አድርገው ያውጡት። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ውሃ ለመቋጠሩ አጋዥ ነው፤ ሰው ሠራሹን ይግዙ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ጫማ ዋጋው የማይቀመስ ሆኗል። መርካቶ ሰልባጅ ባየሁ ቁጥር ጥሩ ብራንድ ይገኛል። 98 ኪሎ ለሆነ ሰው ሰልባጅ ያዋጣል? (ከመርካቶ የማልጠፋ)

መልስ፦ ያዋጣል፣ ላያዋጣም ይችላል፤ የሚለየው ስፖንጁ ነው። ላይኛው ጨርቅ ታጥቦ ተቦርሾ አዲስ ይመስላል። ስፖንጅ ግን ከተጨፈለቀ በኋላ በማጠብ አይመለስም፣ ለእርስዎ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

መጀመሪያ የስፖንጁን ጎን ብርሃን ላይ አድርገው ይዩ። ተረከዙ አካባቢ አግድም የተደራረቡ ጥልቅ ሽብሽቦች ካሉና ጫማው ባዶውን ሆኖም ሽብሽቡ ካልጠፋ፣ ስፖንጁ አልቋል። አውራ ጣትዎን ጎኑ ላይ ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ ቶሎ መመለስ አለበት፤ እንደ እንጨት ከደረቀም፣ ሰምጦ ከቀረም አይግዙት። ከዚያ ሁለቱንም ጫማ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው ዓይንዎን ዝቅ አድርገው ከኋላ ይመልከቱ። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዘመም ካለ የሌላ ሰው አረጋገጥ ተቀርጾበታል፣ እርስዎንም ወደዚያው ይወስዳል። ይህን ጉድለት ቅናሽ አያካክሰውም።

ከታች የጎማውን ጥርስ ይዩ። ጎማው ተበልቶ ነጩ ስፖንጅ ብቅ ካለ ነገሩ አልቋል። ጎማው አዲስ ሆኖ ስፖንጁ የደረቀ ደግሞ አለ፤ ይህ ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ጫማ ነው። ናይክና አዲዳስ ምላሱ ውስጥ በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ የተመረተበትን ጊዜ ይጽፋሉ፤ ከአምስትና ስድስት ዓመት በላይ ከሆነ ይለፉት፤ ጊዜ ማስቲሹንም ስፖንጁንም ያደክማል። ሶሉ በእጅዎ ሲፈነቀል ጠርዙ ላይ ክፍተት ካሳየ ማስቲሹ ለቋል። ጫማ ጠጋኝ ያጣብቀዋል፣ በእርስዎ ክብደት ግን የተጣበቀው ቦታ ደግሞ ቶሎ ይለቃል። በመርፌ ማሰፋት የሚሉም አሉ፤ ሶሉ እንዳይታጠፍ ያደርገዋል እንጂ ለሩጫ አይበጅም።

ፎርጅዱን በተመለከተ፣ በምላሱ ጨርቅ ላይ ያለውን የሞዴል ኮድ ስልክዎ ላይ ይፈልጉት። የሚመጣው ሥዕል ሌላ ጫማ ወይም ሌላ ቀለም ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። በግራና በቀኝ ጫማ ላይ ያለው ቁጥርም አንድ መሆኑን ይዩ።

ብዙ የተሮጠበት «ኦሪጅናል» ሰልባጅና ቀለል ያለ ዋጋ ያለው፣ ስፖንጁ ያልተነካ አዲስ ጫማ ቀርበው ምረጡ ብንባል፣ ለ98 ኪሎ አዲሱን ነው የምንመርጠው።

ጥያቄ፦ እግሬ ጠፍጣፋ ነው። ውሃ ነክሬ ወለል ላይ ስረግጥ ሙሉው ይታተማል። ልዩ ጫማ ወይም ልዩ የውስጥ ሶል ያስፈልገኛል? 96 ኪሎ ነኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የእግር አሻራ ጥሩ ሥዕል ነው፤ ጫማ ለመምረጥ ግን ደካማ መመሪያ ነው። የአሜሪካ ጦር በምልምል ወታደሮቹ ላይ ይህንኑ ፈትሿል። ለገሚሱ እንደ እግሩ ቅርጽ የተለየ ጫማ፣ ለሌላው ገሚስ የእግሩ ቅርጽ ሳይታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ተሰጠ። በጉዳት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

እና ሕመም ከሌለብዎት ጠፍጣፋ እግር ብቻውን ምንም አይጠይቅዎትም። ሰፊ መቆሚያ ያለው ጫማ ይግዙና ይሩጡ። በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በኩል ወይም በቅልጥምዎ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሕመም ካለ ግን ወደ ውስጥ መጋደልን የሚያግድ ጫማ መሞከር ተገቢ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ጠንካራ የውስጥ ሶል ቢረዳም፣ የጫማውን የራሱን ንጣፍ አውጥተው ይተኩት እንጂ አይደርቡት፤ ሲደረብ ተረከዝ ከፍ ብሎ ከመያዣው ይወጣል፣ ጣቶችም ጣሪያ ይነካሉ።

ጥያቄ፦ ጫማ በስንት ጊዜ ይቀየራል? ሻጩ 800 ኪሎ ሜትር አለኝ። 101 ኪሎ ነኝ፣ በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። (ከነታንያ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። በእርስዎ ክብደት ከ400 ጀምሮ መጠርጠር፣ 600ን አለማለፍ ይሻላል። በሳምንት 20 ከሆነ 400 የሚሞላው በ20ኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ቀን በምላሱ ውስጥ በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ሰው የጫማውን ዕድሜ ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው።

ከቁጥሩ በላይ ግን እግርዎ ይናገራል። ምንም ያልለወጡት ሩጫ ከጨረሱ በኋላ ጉልበት፣ ቅልጥም ወይም ተረከዝ በማግሥቱ መክበድ ከጀመረና አዲስ ጫማ ሲያደርጉ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው የድሮው ነበር። ከተቻለ ሁለት የተለያዩ ጫማዎች ያፈራርቁ። ሉክሰምበርግ ውስጥ 264 ሯጮችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ጫማ በሚያፈራርቁት ላይ የጉዳት ዕድሉ 39 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ይህ በማፈራረቁ ብቻ የመጣ ነው ለማለት ባይቻልም፣ እርጥብ ጫማ ደግሞ ላለማድረግ ብቻ እንኳ ሁለት ጥንድ ይጠቅማል። የራሰውን በጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት።

ነገር ግን ሁሉንም በጫማ አያሳብቡ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ተረከዝን የሚወጋ ሕመም የውስጥ እግር ጅማት ጉዳይ ነው፤ አዲስ ጫማ ሊያግዘው እንጂ ብቻውን ሊያድነው አይችልም። ቅልጥም ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ሲነኩት የሚያቃጥል፣ ሌሊትም የማያስተኛ ሕመም ካለ ሩጫውን ዛሬውኑ አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ አጥንት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው፤ 94 ኪሎ ነኝ። በጋውን ጂም ማሽን ላይ፣ ሌላውን ጊዜ ማታ ውጭ እሮጣለሁ። ጫማዬን መኪና ውስጥ ነው የማስቀምጠው። በሙቀት ይበላሻል የሚሉኝ አሉ። (ከዱባይ)

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። የብዙ ጫማ ስፖንጅ የሚሠራበት ኢቪኤ የተባለው ነገር ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ሻንጣ ውስጥ የዋለ ጫማ ወዲያው ሲሮጡበት ከወትሮው በላይ ይሰምጣል፤ ማስቲሹም በየቀኑ ሲግልና ሲበርድ ይደክማል። በቦርሳ ይዘውት ቤት ይግቡ። በሙቀት እግርም ስለሚያብጥ የውጭውን ጫማ ግማሽ ቁጥር ከፍ አድርገው ቢገዙ አያስወቅስም።

ማሽኑ ላይ ጠጠር ያለ ጫማ ይሻላል። ወለሉ ራሱ ትንሽ ስለሚለጠጥ ለስላሳ በለስላሳ ሲደረብ መዋለል ይመጣል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ጣሪያም ያንብቡ፤ በተለይ ለቤት የሚሸጡት ቀላል ማሽኖች ጣሪያቸው 100 ኪሎ አካባቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጭን ለጭን መፋተግ ካስቸገረዎት ረዘም ያለ ቁምጣና ቫዝሊን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቤአለሁ። 110 ኪሎ ነኝ። ውስጡ ካርቦን ያለው፣ አትሌቶቹ የሚያደርጉት ጫማ ያፈጥነኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። እነዚያ ጫማዎች ለፍጥነት ሲባል ቀለል ተደርገው፣ ብዙዎቹም መሀላቸው ጠባብ፣ ስፖንጃቸው ከፍ ያለና በጣም ለስላሳ ሆኖ የተሠሩ ናቸው። በ110 ኪሎ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው መዋለሉ ይተርፈዋል፣ ስፖንጁም ቶሎ ያልቃል።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ መነሻው ላይ ሕዝቡ ስለሚጨናነቅ በጎን ሾልኮ ማለፍ፣ ድንገት መቆም፣ መንገድ ላይ የወደቀ የውሃ ፕላስቲክ መርገጥ አለበት። ለዚህ የለመዱት፣ ሰፊ መቆሚያ ያለው ጫማ ነው የሚያስፈልገው። አዲስ መግዛት ካለብዎ ከውድድሩ ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድመው ይግዙና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሩጡበት፤ አንዱ ሩጫ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን፣ ውሃ የሚቋጥር ጫማ በአጭር ርቀት ላይ ሁልጊዜ አይታወቅምና። የሚጠብበዎት ወይም የሚበላዎት ቦታ ካለ በዚያ ሩጫ ይታያል። ያኔ ማሰሪያውን ለማስተካከል፣ ካልሲ ለመቀየር፣ ካስፈለገም ጫማውን ለመለወጥ ጊዜ ይኖርዎታል። የጣት ጥፍርዎን ደግሞ ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት ይቁረጡ።